አኪታ ድረስ የተያዘ መርዶ

ስልኩ የጮኸው ከበቡሽ ሁለቱን ሻንጣዎች ወደ በሩ አስጠግታ የመጨረሻውን ዚፕ ስትዘጋ ነበር። ማማ ፉሚ መታጠቢያ ቤት ነበሩ። ለዚህ ጉዞ ፀጉሬን ራሴ ካልሠራሁ ብለው ከማለዳ ጀምሮ ከመስተዋቱ ፊት ንቅንቅ አላሉም። በዚያ ቤት ስልክ ማንሳት የከበቡሽ ሥራ ነውና አነሳችው።

የደወለችው ሳቺኮ ነበረች፤ የማማ ፉሚ ታላቅ እኅት የቺዮ የልጅ ልጅ። ሰሜን ጃፓን፣ አኪታ በሚባለው አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ጉዞው ሲመከርበት ከርሞ ስለነበር ከበቡሽ ድምጿን በደንብ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ድምጿ ሌላ ነበር። ቃላቱን እንደ እንቁላል አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣ አያቷ ከሰዓት በኋላ ማረፋቸውን ነገረቻት። ለአክስቴ ንገሪልኝ፣ ከዚያ ደውሉልን፣ እንጠብቃችኋለን አለች። ከበቡሽ «እሺ» አለች። ሌላ ቃል ሳትጨምር የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማችና ስልኩን ዘጋች።

«ማን ነው?» አሉ ማማ ፉሚ ብቅ እያሉ።

«የአየር መንገዱ ሰዎች ናቸው። በረራው በሰዓቱ ነው አሉ።»

ውሸቱ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ የነበረ ይመስል ነበር። ማማ ፉሚ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ እነዚህ ሰዎች ሲዘገዩ እንኳ ደውለው አያውቁም፣ ዛሬ ምን ነካቸው አሉና ሳቁ።

ከበቡሽ ማማ ፉሚን መርዳት ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። ቤቱ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ፣ ከአንድ የወታደር ሆስፒታል ጀርባ ያለ ዝቅ ያለ የጡብ ቤት ነው። የማማ ፉሚ ባል የአሜሪካ ጦር ሳጅን ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ሲያገለግሉ ተገናኝተው አገቧቸውና ይዘዋቸው መጡ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው እዚያው ሆስፒታል አረፉ። ልጅ አልወለዱም። ማማ ፉሚ ከአገራቸው ከወጡ ወዲህ አንድም ቀን አልተመለሱም። አባታቸው ከአሜሪካዊ ጋር የሄደች ልጅ የለኝም ብለው እንደማሉ ሞቱ፤ አባት ከሞቱ በኋላ ደግሞ ባል ታመሙ፤ ባል ከሞቱ በኋላ የራሳቸው ልብ ደከመ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመኑ አለቀ። አሁን ሐኪማቸው፣ ቶኪዮ ላይ ሁለት ሌሊት እንዲያርፉ አስጠንቅቆ ጉዞውን ፈቀደላቸው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቺዮን ፊት ማየት።

ይህን ሁሉ እያወቀች ከበቡሽ ዝም አለች። ክፋት አልነበረም። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሻንጣ በር ላይ ቆሞ፣ ታክሲ ተጠርቶ፣ ሰው ብቻውን ሆኖ አይነገርም። የራሷ እናት ነቀምት ያረፉ ጊዜ፣ ወሬው ዴንቨር ቀድሞ የደረሰው ለቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ነበር። የነርስ ረዳትነት ፈተናዋን እስክትጨርስ በሆዳቸው ያዙት። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ሲያገኟት እየሳቁ ይስሟት ነበር፤ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ አብረዋት ተቀምጠው ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ያወሯት ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሯ ተንኳኳ፤ ስትከፍት ደረጃው እስከ ታች ድረስ ሰው ነው። አንድ ቃል ሳይወጣ ጉልበቷ ከዳት። መሬት ግን አልደረሰችም፤ የያዟት እጆች ብዙ ነበሩ። አሜሪካ ከገባች ወዲህ ከተደረገላት ደግ ነገር ሁሉ ያንን ማለዳ የሚያህል የለም ትላለች፤ ዛሬም ስታነሳው ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

ታዲያ ማማ ፉሚን አሁን ማን ይይዛቸዋል? እሷ ብቻዋን? ሰዎቻቸው አኪታ ናቸው፤ እዚያ ይሰብሰቡና ይንገሯቸው። ደግሞ እኛ ጋ ቀብር ሰው አይጠብቅም። ዛሬ የሞተ ነገ አፈር ይለብሳል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ የሚደርሰው መቃብር ላይ ነው። ስለዚህ ዝምታዋ ማማ ፉሚ ላይ አንዳች ነገር የሚያጎድል አልመሰላትም።

ለማንኛውም ብላ ከአዲሱ የዴንቨር አየር ማረፊያ ለቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ለጋሽ በድሉ ደወለች። አየር ማረፊያው ከተከፈተ ገና ዓመቱ ስለነበር ማማ ፉሚ ድንኳን የመሰለውን ነጭ ጣራ አንጋጠው ሲያዩ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ለሽማግሌው በሹክሹክታ ነገረቻቸው።

«ልክ ነሽ» አሏት ጋሽ በድሉ። «መንገደኛ ላይ መርዶ አይጣልም። ከሰዎቻቸው እጅ አድርሻቸው። ያንቺ አደራ መንገዱ ነው።» ከዚያም ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ እያጉረመረመ በስልኩ ውስጥ ጸለዩላት።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ከበቡሽ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ማማ ፉሚ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። አብራሪው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሁሉን ነገር ለእግዚአብሔር አታሸክሚበት፣ ትንሽ ሥራ ተዪለት አሏት። እሷ ግን የምትጸልየው ስለ አውሮፕላኑ አልነበረም።

ቶኪዮ ላይ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት አረፉ። የመጀመሪያው ቀን በእንቅልፍ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ማማ ፉሚ ከቁርስ መልስ አልጋው ላይ ተቀምጠው ስልኩን ሳቡ፤ ለቺዮ ልደውልላት አሉ። 

«ይተዉት፣ ይቅር» አለች ከበቡሽ ደንግጣ። ወዲያው ድምፅዋን አለሳልሳ ቀጠለች። «አሥር ጊዜ በስልክ ከሚሰሙዎት አንዴ በዓይናቸው ይዩዎት። በር ላይ ድንገት ሲቆሙ አስቡት እስኪ።»

«ሰማንያ ዓመት ያለፋትን ሴት አስደንግጬ ልግደላት ነው የምትዪው?» አሉ ማማ ፉሚ እየሳቁ። ግን ስልኩን መለሱት። የእኅታቸውን ድምፅ በስልክ መስማት እሳቸውም ሳይፈሩት አልቀሩም። ከበቡሽ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፈተችና እስኪወጣላት አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ባቡር ተሳፈሩ። ፈጣኑ ባቡር ሞሪዮካ ከምትባል ከተማ አወረዳቸው፤ ከዚያ ተራራውን አቋርጦ የሚሄደውን ያዙ፤ በመጨረሻ ደግሞ ሸለቆውን ተከትላ የምትወጣ አንዲት ፉርጎ ብቻ ያላት ባቡር ላይ ወጡ። ወንበሩ ከሥሩ ስለሚሞቅ እግር ይለበልባል፤ መስኮቱ ግን እንደ በረዶ ነው።

ከበቡሽ በረዶ አውቃለሁ ብላ ነበር። የዴንቨር በረዶ ግን እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ አገሩን አልብሶ ያድራል፣ በማግስቱ ፀሐይዋ ስትበረታ ተሰናብቶ ይሄዳል። የዚህ አገር በረዶ ባለ ርስት ነው። አጥሩን ውጦ፣ የመቃብሩን ድንጋይ ውጦ፣ የቤቶቹን መስኮት እስከ ግማሽ ይዞ ተቀምጧል። ሰዎቹም እንደ ባለ ርስት ያከብሩታል። መስኮቶቻቸውን በሳንቃ ጋርደዋል፤ የጓሯቸውን ዛፎች ቅርንጫፋቸው እንዳይሰበር በገመድ ወጥረው አስረዋል፤ መንገዱ ዳር ደግሞ መንገዱ የት እንደነበረ ለማስታወስ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም እንጨት ተክለዋል። አንድ ጣራ ላይ ሁለት ሰዎች በአካፋ በረዶ ሲያወርዱ አየችና ወንዶቹ ጎበዞች ናቸው አለች።

«ወንዶች?» አሉ ማማ ፉሚ። «ደህና አድርገሽ እይ። ሁለቱም አሮጊቶች ናቸው። ወንዱ ከሥር ሆኖ እንዲህ አድርጉ እያለ ነው። የእኔ አገር እንዲህ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዝም አላሉም። አውሮራ አራት ዓመት ሙሉ ያልተናገሩትን እዚያች ባቡር ውስጥ ተናገሩት። ከቤት የወጡ ዕለት እንዲህ ያለ በረዶ ነበር። አባታቸው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ፤ እናታቸው ወጥ ቤት ገብተው ቀሩ። ቺዮ ብቻ ተነስታ ሳጥኑን በጀርባዋ አዘለች፤ ከገለባ የተሠራ ጫማዋን አጥልቃ ከፊት እየቀደመች በረዶውን እየረገጠች መንገድ አወጣችላቸው።

«እሷ የረገጠችበትን እየረገጥኩ ነው ጣቢያ የደረስኩት» አሉ። «ያን ቀን ሙሉ ያየሁት ጀርባዋን ነው። ጣቢያው ላይ ሳጥኑን አወረደችና ፊቷን ሳታዞር ሄደች። እያለቀሰች እንደነበረ ከትከሻዋ ነው ያወቅኩት። ፊቷን የነሳችኝ አውቃ ነው፤ ብታየኝ አትለቀኝማ።» እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ጨመሩ። «ፊቷን ካየሁ ይበቃኛል፤ ሌላ የምጠይቃት ነገር የለኝም።»

ከበቡሽ በመስኮቱ ላይ ያለውን ጉም በእጅጌዋ ጠረገች፤ ውጭ ግን ያው ነጭ ነበር።

ባቡሯ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመችና ሳትነሳ ቀረች። ነጭ ጓንት ያጠለቀ የጣቢያው ኃላፊ ገባና ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። ማማ ፉሚ ተረጎሙላት፤ ከፊት ተራራው ላይ በረዶ ተንዶ ሐዲዱን ስለዘጋው እስኪጠረግ ይቆያሉ። ጥቂቶቹ ተሳፋሪዎች ወርደው ወደ መጠበቂያው ክፍል ገቡ። መሐሉ ላይ የናፍጣ ምድጃ ይነዳል፤ ምድጃው ላይ የተጣደው ጀበና መሳይ ማንቆርቆሪያ ይንሾካሾካል። ጥግ ላይ የሕዝብ ስልክ አለ።

ከበቡሽ መዘግየታችንን ልንገራቸው ብላ ወደ ስልኩ ሄደች። ለሳቺኮ ብቻ ነው የምነግረው፣ ለመርዶው ሰው እንዲሰበስቡ ጊዜ ይሰጣቸዋል ብላ ነው። ሳቺኮ ድምጿን እንደሰማች የት ናችሁ አለች፤ ከዚያም እስከዚያች ሰዓት በትሕትና የያዘችው ሁሉ ገነፈለ። ለምን ሳትደውሉ ቀራችሁ? ስልክ ስንጠብቅ ከረምን። ትናንት ሊወስዷቸው ነበር፤ አንድ ቀን እንጠብቅ ብሎ የለመነው አባቴ ነው። አክስቴ ጃፓን ገብታ፣ እኅቷ መሞቷን እያወቀች ሆቴል አርፋ ተቀመጠች ብሎ አዝኗል፤ አሜሪካ ውስጧን ቀይሯታል ብሏል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይወስዷቸዋል፤ ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም።

«ወዴት ነው የሚወስዷቸው?» አለች ከበቡሽ።

የሳቺኮን መልስ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ቺዮ አልተቀበሩም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቤታቸው ውስጥ፣ ፍራሻቸው ላይ፣ አጠገባቸው በረዶ ተደርጎላቸው ተኝተዋል። ፊታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ዘመድ በመጣ ቁጥር ጨርቁ ይገለጣል፤ ፊታቸው ይታያል፤ ይሰናበቷቸዋል። ከዚያ አስከሬናቸው በእሳት ይቃጠላል። ለፊት ስንብቱ ሲባል ነው ማማ ፉሚ የተጠበቁት።

ከበቡሽ ስልኩን የሰቀለችው እንዴት እንደሆነ አታውቅም።  ዞር ብላ ክፍሉን አየች። ለመርዶ የሚሆን ሰው ፈለገች፤ አንድ ጋዜጣ የሚያነብ ሰውዬና ሁለት የገበያ ሴቶች ናቸው ያሉት። በሩቁ ማማ ፉሚ እጃቸውን ምድጃው ላይ እያሞቁ ፈገግ አሉላት። ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች፤ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

«ማማ ፉሚ፣ እኅትዎ አርፈዋል።»

ማማ ፉሚ የተያዙትን እጆቻቸውን አዩ። «መቼ?»

«ከቤት በወጣንበት ጠዋት ነው የሰማሁት። ያ ስልክ ሳቺኮ ነበረች።»

ማንቆርቆሪያው ይንሾካሾካል። ጋዜጣ አንባቢው ገጽ ገለበጠ። ከበቡሽ የቀረውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ቤት ውስጥ መተኛታቸውን፣ መጠበቃቸውን፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መወሰዳቸውን። ማማ ፉሚ ሳያቋርጧት ሰሙ።

«ለምን?» አሉ በመጨረሻ።

«በእኛ አገር ሰው ብቻውን ሆኖ አይነገረውም። ወገን ተሰብስቦ፣ ሰው ይዞት ነው የሚነገረው። ወገንዎ ጋ ላድርስዎ ብዬ ነው።»

«አውሮራ ውስጥ ወገኔ ማን ነው?»

ከበቡሽ ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች።

«ልንገርሽ» አሉ ማማ ፉሚ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ስታመም ሌሊት የምትነሳ፣ ጥፍሬን የምትቆርጥ፣ ምን እንደምወድ የምታውቅ አንዲት ሴት አለች። ብቻዬን አልነበርኩም። አንቺ ነበርሽ፤ ልትይዢኝ ትችዪ ነበር። አሁን እጄን ልቀቂኝ።»

ለቀቀቻቸው። ማማ ፉሚ ብቻቸውን ተነሱ፤ በትራቸውን ይዘው ወደ ጣቢያው ኃላፊ ሄዱ። ከዚያ ከበቡሽ ሰምታ የማታውቀው ድምፅ ከእሳቸው ወጣ። ቶኪዮ ሆቴል ውስጥ የተናገሩት ቀጭን፣ የተለቀመ ጃፓንኛ አልነበረም፤ ጉሮሮ ውስጥ የሚንከባለል፣ ከአፍ ሳይወጣ የሚውጡት የሚመስል የዚያ ሸለቆ ቋንቋ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለቱ የገበያ ሴቶች ተነስተው ቆሙ። ብዙ ሳይቆይ የመንገድ በረዶ የሚጠርግ ትልቅ ቢጫ መኪና ጣቢያው በር ላይ ደርሶ ጥሩንባውን ነፋ።

ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። ቺዮን ያውቃቸዋል፤ በጭስ አድርቀው በጨው የሚያቆዩትን ፍጅል በየዓመቱ ከእሳቸው ነበር የሚወስደው። ይህን ለማማ ፉሚ እያወራ መሪውን ይጠመዝዛል፤ እሳቸውም ይመልሱለታል። ለከበቡሽ ግን አልተረጎሙላትም፤ እሷ የገባት በእጁ የፍጅሉን ርዝመት ሲያሳይና አፍንጫው ላይ ጭሱን ሲያሸት አይታ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በረዶው ከመኪናው ጣራ በላይ እንደ ግንብ ቆሟል፤ ሰማዩ ከላይ እንደ ጠባብ ወንዝ ይታያል። ከበቡሽ በሁለቱ መሐል ተቀምጣ እንደርስ ይሆን እያለች ታሰላለች፤ ጸሎት ጀምራ ግማሹ ላይ ይጠፋባታል።

መንገዱን ግማሽ እንደሄዱ ማማ ፉሚ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ከእንግዲህ በቤቴ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለች ከበቡሽ።

«እሺ አትበዪኝ። ለሳቺኮም እሺ ብለሻት ነበር።»

ከቺዮ ቤት ሲደርሱ በሩ ተዘግቷል። ደጃፉን የሚጠርግ ጎረቤት አካፋውን ተክሎ እጅ ነሳና በእጁ ወደ ተራራው ሥር አመለከተ። ሄደዋል። ሾፌሩ መኪናውን አዞረ። አስከሬን በሚቃጠልበት፣ ከጥድ ደን ሥር ባለ ዝቅ ያለ ግራጫ ቤት ፊት አቆመላቸው። ከበቡሽ ጭስ ይታየኛል ብላ ፈርታ ቀና አለች፤ ጭስ አልነበረም፤ ከጭስ ማውጫው በላይ አየሩ ብቻ በሙቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። ማማ ፉሚም አይተውታል። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ገቡ።

ቤተ ዘመዱ ጥቁር ለብሶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኬንጂ የሚባለው የሳቺኮ አባት፣ የሟቿ ልጅ፣ እጁ የገበሬ እጅ፣ አንገቱ ከክራቫቱ ጋር የተጣላ ሰው ነው። ሲያያቸው ግንባሩን እስከ ምንጣፉ ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ። ሳቺኮ ከከበቡሽ አጠገብ መጥታ ተቀመጠችና በጆሮዋ ተረጎመችላት፤ ከሩቅ አገር ስለመጡልን እናመሰግናለን ነው የሚለው። ለእንግዳ የሚባል ነው።

ማማ ፉሚም እጅ ነስተው መለሱ። ብዙ አልተናገሩም። ሳቺኮ ግን ወደ ከበቡሽ ዘወር ብላ አየቻት።

«ምን አሉ?»

«ሰምቼ ነበር አሉ። ደክሞኝ ነው ቶኪዮ የቆየሁት፤ እርጅና ነው፤ ይቅር በሉኝ አሉ።»

ለእሷ ብለው ይሁን፣ ወይም በሰማንያኛው ዓመታቸው ደጃፍ ላይ እንደ ሕፃን ወሬ ተደበቀብኝ ማለት ክብራቸውን ነክቷቸው፣ ከበቡሽ እስከ ዛሬ አላወቀችም። ያየችው ግን ኬንጂን ነው። አንገቱን በዝግታ ነቀነቀ፤ ድሮም ይህን ነበር የጠበቅኩት እንደሚል ሰው። ማማ ፉሚን ከጎረቤቶቹ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጧቸው። ሻይ በሁለት እጅ፣ በአክብሮት፣ ዓይናቸውን ሳያዩ አቀረቡላቸው። በዚያ ሁሉ ጥቁር ልብስ መሐል ሰማያዊ የመንገድ ኮታቸውን እንደለበሱ ትንሽ ሆነው ተቀመጡ። የእኅታቸውን ፊት አላዩም፤ አሁን ደግሞ ሰዎቻቸውንም ሊያጡ ነው።

አገሯ ቢሆን ከበቡሽ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ነበር የምትገባው። እዚህ ድንጋይ የለም። ተነስታ ምንጣፉ መሐል ሄደች፤ ተንበርክካ እንዳየቻቸው ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አደረገች።

«ከበቡሽ፣ ተመልሰሽ ተቀመጪ» አሉ ማማ ፉሚ በእንግሊዝኛ።

«ሌላ ጊዜ እታዘዝዎታለሁ» አለች ቀና ሳትል። ወደ ሳቺኮ ዞረች። «እኔ የምለውን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያቸው። አያውቁም ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሺ ብዬ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ከቶኪዮ ልደውል ሲሉም የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ እኩለ ቀን እኅታቸው በሕይወት አሉ ብለው ነበር የሚያወሩኝ። ሲሰሙ ቁጭ ብለው አላለቀሱም፤ ተነስተው መኪና አስቆሙ። በአገሬ ደግነት ነው ብዬ ነበር። እዚህ ግን የእኅታቸውን ፊት ከለከልኳቸው።»

ሳቺኮ አንድም ሳታስቀር ተረጎመች።  ስትጨርስ ከጎረቤቶቹ አንዲት አሮጊት መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኬንጂ ከበቡሽን አላያትም፤ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ነበር የሚያየው። የተናገርኩት ባዶ ቀረ አለች በልቧ፤ ሰው አገር መጥቼ የሰው ለቅሶ አበላሸሁ።

በዚህ ጊዜ ጓንት ያጠለቀ ሠራተኛ በሩን ገፋ አድርጎ እጅ ነሳ። ሁሉም ተነሱ። ሳቺኮ በችኮላ፣ ከእሳቱ የተረፈውን አጥንት መልቀም ነው አለቻት፤ ሁለት ሁለት ሰው ሆነው አንዱን አጥንት በጋራ በረጃጅም ቀጫጭን እንጨቶች ያነሳሉ፣ የቅርቡ ሰው ይቀድማል። ኬንጂ ከፊት ነበር። በሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከኋላው ያሉትም ቆሙ። ዞረና ሰዉን በትከሻው እየከፈለ እስከ ግድግዳው ሥር ተመለሰ።  አክስቱን ብብታቸው ሥር ይዞ አነሳቸው፤ ሰማያዊ ኮታቸውን አስወልቆ ለሳቺኮ ሰጣት፤ የራሱን ጥቁር ኮት ትከሻቸው ላይ ጣለና ከጎኑ አድርጎ ከሁሉም ፊት ይዟቸው ገባ።

ከበቡሽ ብቻዋን ቀረች። ከሻይ ኩባያዎቹ ገና እንፋሎት ይወጣ ነበር።

ሲወጡ የማማ ፉሚ ዓይን ቀልቷል። መጥተው አጠገቧ ቆሙ። መድኃኒታቸው የሚወሰድበት ሰዓት ስለነበር መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው፤ ዋጡት።

«ፊቷን አላየሁም» አሉ።

«አዎ» አለች ከበቡሽ። ይቅርታ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ለራሷ የምትለምን መሰላትና ዋጠችው።

«ይህን አልረሳልሽም።»

«አይርሱት።»

ማማ ፉሚ አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ ኬንጂ ስለ እናቱ እየነገራቸው እንደሆነ፣ በስተእርጅና ፊቷ ልክ የእናታቸውን ፊት መስሎ እንደነበር፣ ከግንባሯ በስተግራ ከጣራ ወድቃ ያመጣችው ጠባሳ እንደነበራት ነገሯት። «ጣራ ላይ በረዶ ልትጠርግ ወጥታ፣ ባለፈው ክረምት» አሉ፤ ሳቅም እንባም መጣባቸው። «በዚያ ዕድሜዋ!»

ኬንጂ መኪናውን አሙቆ ቆይቷቸው ነበር። ማማ ፉሚን ከፊት አስቀመጠና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን የአጥንት ሣጥን ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። ከበቡሽና ሳቺኮ ከኋላ ገቡ። መኪናው ከጥዱ ሥር ወጥቶ ወደ መንደሩ ሲያቀና ማማ ፉሚ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው በዚያ የሸለቆ ቋንቋቸው መናገር ጀመሩ። ለኬንጂ ይሁን ለቺዮ አይታወቅም፤ ረጅም ነበር፣ አንዳንዴም እንደ መጠየቅ ያደርጋቸዋል። ሳቺኮ ወደ ከበቡሽ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ መተርጎም ጀመረች።

ከበቡሽ እጇን በሳቺኮ እጅ ላይ አድርጋ አስቆመቻት። «ይሄ የእኔ አይደለም» አለቻት። «ተዪው፣ ራሳቸው ከነገሩኝ እሰማዋለሁ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። በረዶው እንደገና መውረድ ጀምሯል። አንድ ቤት ጣራ ላይ አንዲት ሴት በአካፋዋ ተደግፋ ቆማ፣ የሐዘኑ መኪና እስኪያልፍ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትጠብቅ ነበር።